ጨርሰው እንጂ

ባለፈው ቅዳሜ ከዚራ ጓደኛዬ ቤት በርጫ ላይ ነበርን። ወሬው ብድር ነው፣ ማን ከማን ወሰደ፣ ማን ስልኩን ዘጋ፣ ማን ጥሎ ጅቡቲ ገባ ምናምን። ከመሃላችን አንዱ ገንዘቡን የበላበትን ሰውዬ እያነሳ ሲናደድ ቆየና "አቦ ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል!" አለ። ሁሉም ሳቀ። ተረቱ አዲስ አይደለም፣ እኔም ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ። ግን አፌ ውስጥ ያለው ጫት መረረኝ፣ ዝም አልኩ። "ምነው አንተ፣ ምርቃናው ከዳህ እንዴ?" አሉኝ። "ሙቀቱ ነው" ብዬ አለፍኩት፣ ድሬ ላይ ሙቀቱ ነው ካልክ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅህም።

ይኸው ሳምንት ሊሞላው ነው፣ አልወጣልኝም። ስለዚህ ልጻፈው።

የማታውቁኝ ካላችሁ እኔ የሰው እቁብ በልቼ የታሰርኩ ሰው ነኝ። የሰፈር እቁብ ዳኛ ነበርኩ፣ 40 ሰው፣ በሳምንት 500 ብር። "በሁለት ሳምንት እመልሰዋለሁ" እያልኩ የሶስት ዙር ብር፣ 60 ሺህ፣ ሰልባጅ ላይ አዋልኩት። ዕቃው ኬላ ላይ ተያዘ፣ የቀረውን መገመት አያቅታችሁም። እምነት ማጉደል፣ ሁለት ዓመት። የትኛው ማረሚያ ቤት እንደነበርኩ አልጽፍም፣ አያስፈልግም። የማወራው ስለ አንዲት ክፍል ነው።

ሰባት?

አራተኛው ወር ላይ ሳል ጀመረኝ። ሌሊት ያልበኛል። የዚህ ሀገር ልጅ በላብ አይደነግጥም፣ ግን ይሄኛው ፍራሽ የሚያረጥብ ላብ ነው። ሱሪዬ ከወገቤ መውረድ ሲጀምር የቤታችን ካቦ ራሱ "ሂድ ተመርመር አንተ፣ ልትጨርሰን ነው" አለኝ። አክታ ሰጠሁ፣ ቲቢ። ያኑ ቀን ከሰዓት ፍራሼን ተሸክሜ ግቢው ጥግ ላይ በፊት መጋዘን ወደነበረችው ክፍል ሄድኩ። ሳልፍ ታራሚው ግራና ቀኝ እየተከፈለ መንገድ ለቀቀልኝ፣ ባለስልጣን የመጣ ነበር የሚመስለው።

ውስጥ ስድስት ሰው ነበር፣ ከኔ ጋ ሰባት። ምግብ የሚያመጣው ልጅ ባልዲውን በር ላይ ያስቀምጥና በእግሩ ገፋ አድርጎት ይሮጣል። ቆጠራ እንኳን ከውጭ ነው። ሌላ ቤት ፖሊሱ ገብቶ አንድ ሁለት ብሎ ይቆጥራል፣ እኛ ጋ በመስኮት "ሰባት?" ይላል፣ "ሰባት" እንላለን፣ አለቀ። አንዳችን ሌሊት ብንሞት እንኳን ሰባት ካልን ሰባት ነን። መስኮቱ ደሞ አይዘጋም፣ ነርሷ "ይሄ መስኮት ከኪኒኑ እኩል ነው፣ አየሩ መውጣት አለበት" ብላናለች፣ ስለዚህ አቧራው እየገባ ሻያችን ላይ ያርፋል። መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ማስተላለፍ ያቆማል፣ እሷም ይሄን ነግራቸዋለች። ግን የየቤቱ ካቦ "አንቀበልም" አለ፣ አለቆቹም አልተከራከሩም። እና እዛው ቀረን።

ሽማግሌውን ያገኘሁት እዛ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ሁላችንም አባባ ነበር የምንለው። ድሬና ሐረር አንቱ ብዙም አናውቅም፣ ፊት ለፊት አንተ ነበር የምለው፣ እዚህም እንደዛው ነው የማወራው፣ አንቱ የለመዳችሁ ይቅር በሉኝ። የታሰረው በጫት ማሳ ድንበር ጠብ ነው። የቀኝ እጁ ጣቶች አጥረዋል፣ የግራዎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል፣ እንደልብ የሚታዘዘው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። ቅንድብ የለውም። ልጅ ሆኖ ስጋ ደዌ ይዞት ነበር፣ ድኗል፣ የዳነውም እኔ ሳልወለድ ነው። አሁን እንደኛው ቲቢ ይዞት ነው የገባው።

እኔ ግን "ድኗል" የሚለውን ሰማሁት እንጂ አልተቀበልኩትም። አምስቱ ከሱ ጋ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ እኔ የራሴን ሰሃን ይዤ ፊቴን ወደ ግድግዳ። አስቡት፣ ግቢው በሙሉ ከሰባታችን ይሸሻል፣ እኔ ሰባቱ ውስጥ ገብቼ ካንዱ እሸሻለሁ።

ቀይ ሽንት

መድኃኒቱን በጀመርኩ ማግስት ጠዋት ሽንቴ ቀይ ሆኖ ወጣ። ደም መሰለኝ፣ አለቀልኝ ብዬ እየጮህኩ ተመለስኩ። ሽማግሌው በሳቅ ሞተ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞሮ ግድግዳ እስኪይዝ ድረስ። ሲረጋጋ "ሪፋምፒሲን ነው" አለኝ። ስሙን እንኳን መጻፍ የማይችል ሰው ሪፋምፒሲን ሲል ሳትሳሳት ትሰማዋለህ። "ይቺን ቀይ ሽንት አውቃታለሁ። ቢሲዲሞ እያለሁ በወር አንድ ቀን ቀይ ነበር የምሸናው።"

ለካ የቲቢና የስጋ ደዌ ባክቴሪያ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ ሪፋምፒሲን ለሁለቱም ይሰጣል። ታሪኩን ያወራኝ በዚህ ሰበብ ነው። አስራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ክንዱ ላይ ነጣ ያለ ነገር ወጣበት። ቦታው አይሰማውም። እረኛ ጓደኞቹ ፍም ያስነኩታል፣ እሱ ምንም አይልም፣ "ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር" አለኝ። ነገሩ ሲታወቅ ቤተሰቡ ከጓሮ ጎጆ ሰራለት፣ እናቱ ምግቡን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። አንድ ቀን ተነስቶ በእግሩ ቢሲዲሞ ገባ። ቢሲዲሞ ከሐረር ወደ ምሥራቅ ነው፣ በ1950 ዓ.ም አካባቢ ጀርመኖች ያቋቋሙት የስጋ ደዌ ማዕከል። ሐረር ከዛ በፊትም ከጀጎል ግንብ ውጭ የካቶሊክ ሚሲዮኖች የህሙማን መኖሪያ ነበራት። ያ ሳይኖር በፊት የነበሩት የት ያድሩ እንደነበር እንጃ፣ በጅብ ከተማ ከግንብ ውጭ ማደር ምን እንደሆነ ሐረሮች ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ለዓመታት ዳፕሶን ብቻ ወሰደ። በ1970ዎቹ ሶስት መድኃኒት አንድ ላይ መሰጠት ሲጀመር ነው የለቀቀው። ከሶስቱ አንዷ ቆዳውን ከሰል አስመስላው ነበር፣ በኋላ ለቀቀው። "ጨርሰሃል፣ ነጻ ነህ፣ ሂድ አሉኝ" አለ። "የት ልሂድ አልኳቸው።"

ስለ ጣቱም ጠይቄዋለሁ፣ ማፈር ቀርቶብኝ። በሽታው ጣት አይቆርጥም። ነርቭ ነው የሚጎዳው፣ ነርቩ ሲሞት አይሰማህም፣ ሳይሰማህ ትቃጠላለህ፣ ትቆረጣለህ፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጣት እንደዛ ነው የሚሄደው። መተላለፉም እንደሚወራው አይደለም፣ የአብዛኛው ሰው ሰውነት በራሱ ይከላከለዋል፣ መድኃኒት የጀመረ ደግሞ ከናካቴው አያስተላልፍም። ማለትም እዛ ክፍል ውስጥ መፍራት ካለበት እሱ ነበር እኔን መፍራት የነበረበት፣ ትኩስ ቲቢ ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ።

ይሄን ሁሉ ከሰማሁ በኋላም ግን ሰሃኔን ይዤ ወደ ጥጌ።

ሽሮው

ዓርብ ቀን ነው፣ እህቴ ሽሮ ልካልኛለች። (ሽሮ መሆኑ ጥሩ ሆነ፣ ስጋ ቢሆን ሽማግሌው የኔን እርድ አይበላም ነበር፣ የሚቀጥለውም አይከሰትም።) አንድ የገንደቆሬ ልጅ አለ አብሮን፣ 22 ዓመቱ፣ ባጃጅ ሹፌር ነበር። ከትሪው ተነስቶ መጣና ሳይጠይቀኝ ከሰሃኔ ጠቅልሎ ጎረሰ። ደገመ። ለሶስተኛው እጁን ሲሰድ ደሜ ፈላ። እውነቱን ለመናገር ሽሮው አልነበረም ያናደደኝ። እጁ ነው። ያ እጅ አሁን ከሽማግሌው ትሪ ነው የተነሳው። እና ያቺ ተረት ሳላስባት ከአፌ ወጣች፣

"ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት..."

እዛ ላይ ቀጥ አልኩ።

ሰባት ሰው ሌት ተቀን የሚያስልበት ክፍል ጸጥ ሲል ሰምታችሁ አታውቁም። አንድም ሰው አላሳለም። የልጁ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌው ፍራሹ ላይ ጋደም እንዳለ ነው፣ ወደኔ እንኳን አልዞረም፣ ቆርቆሮውን እያየ፣

"ጨርሰው እንጂ" አለ።

ዝም አልኩ።

"ገብቶ ምን ያደርጋል? ጨርሰው።"

"ይቅርታ አባባ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም..." አልኩ። አንቱታው ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም።

"እርስዎ?" አለ። "ሸዌ ሆንክ እንዴ?"

አንዱ ሳቀና ሳቁን ዋጠው። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ሽርጡን አስተካከለና መጥቶ ከፊቴ ቁጭ አለ። ሰሃኑ መሃላችን ነው። "ይፈተፍታል አይደል የሚለው? እስቲ እንየው" ብሎ እጁን ከተተ። እንጀራውን በአውራ ጣቱና በመዳፉ ጠርዝ መሃል ሊይዘው ሞከረ፣ አመለጠው። እንደገና ሞከረ። ወደ ሰሃኑ ጠርዝ ገፋውና እዛ ላይ አስደግፎ ሊቆርሰው ሲል ሰሃኑ ራሱ ዞረ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሰሃኑን ያዘለት። ሽሮው አንጓው ድረስ ወጣ፣ እንጀራው ግን አልተቆረሰም። ትሪ ላይ ሲበሉ ሌሎቹ እየቆረሱ ፊቱ እንደሚያስቀምጡለት ያኔ ነው የገባኝ። ሶስት ሳምንት ፊቴን ለግድግዳ ሰጥቼ ስበላ በየት በኩል ልየው።

በመጨረሻ እጁን አወጣና አየኝ። ቅንድብ የሌለው ሰው ሲያይህ መናደዱን ከመሳቁ መለየት አትችልም።

"ተረቱ ውሸት ነው" አለ። "መፈትፈት አልችልም። አንተ ፈትፍትልኝ።"

ፈተፈትኩለት።

ያን ቀን ሌላ ሰው ሆኜ አደርኩ ብላችሁ ውሸት ይሆናል። እጄን ሁለቴ ታጥቤ ነው የተኛሁት፣ እሱ እያየኝ። "እስር ቤት ለወጠኝ" የሚሉ ሰዎችን ስሰማ አሁንም ትንሽ እጠራጠራለሁ፣ እንደ መብራት ቦግ የሚል ነገር እኔ አላየሁም። የሆነው ይሄ ነው፣ በማግስቱ ሰሃኔን ይዤ ወደ ጥጌ ልሄድ ስነሳ ጥጉ የሰው ጥግ መሰለኝ። ሄጄ ትሪው ጋ ተቀመጥኩ። ማንም ምንም አላለኝም፣ ጠጋ ጠጋ አሉ፣ በቃ።

ያቺን ተረት ከየት እንዳመጣኋት ሌሊት ሌሊት አስብ ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። አያቴ ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ለሚያዜሙት ላሊበላዎች ሳንቲም ትሰጥና "ካላዜሙ ይቆምጣቸዋል" ትለን ነበር፣ እኛ ልጆቹ ብርድ ልብስ ውስጥ እንገባለን። እቁብ ሰብሳቢ ሆኜ ደግሞ ብር ባዘገየ ሰው ላይ ያቺኑ ተረት ሰው ፊት ስተርት ኖሬያለሁ። አስቡት፣ እኔ!

ሰባት ሳሙና

ሳሙና እዛ ውስጥ ብር ነው። ፀጉር ትቆረጥበታለህ፣ ስኳር ትገዛበታለህ፣ ወረፋም ይገዛል። እቁብ እንጣል የሚለውን ሀሳብ ያመጣው ልጁ ነው፣ በሳምንት አንድ አንድ የልብስ ሳሙና፣ ሰባት ሳምንት። ዳኛ ማን ይሁን ሲባል ሽማግሌው ሳሙናውን በሁለት መዳፉ አጣብቆ አመጣና ፍራሼ ላይ ጣለው። አንደኛው፣ ድሮ ነጋዴ የነበረ፣ ብድግ አለ። "የእቁብ ሌባ ላይ እቁብ? ጤነኛ ነህ?"

"ሌላ የሚጽፍ ሰው አለ?" አለ ሽማግሌው። "ደሞ ሰርቆ የት ይሄዳል? በሩ የተቆለፈው ከውጭ ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ዳኛ አንደኛውን ዕጣ ይበላል የሚለውን ወግ ግን ሰረዙብኝ፣ አንተ መጨረሻ አሉኝ። በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ መዝገብ አወጣሁ። የመጀመሪያው ሌሊት ሰባቱ ሳሙና ፍራሼ ስር አደረ፣ ሽታው አላስተኛኝም፣ እየተነሳሁ እቆጥራለሁ፣ ሰባት፣ እተኛለሁ፣ እነሳለሁ፣ ሰባት። 60 ሺህ ብር ስበላ ግን ጥሩ እንቅልፍ ነበረኝ፣ ይሄ ነገር እስካሁን ያስፈራኛል።

ሽማግሌው ሌላም ስራ ሰጠኝ። ማታ ማታ እግሩን በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ ይዘፈዝፋል፣ ከዛ ቫዝሊን ይቀባል፣ ቢሲዲሞ የተማረው ነው፣ አንድም ቀን አይዘልም። የእግሩ መርገጫ ስለማይሰማው ቁስል መኖሩን የሚያውቀው በማየት ብቻ ነው፣ አይኑ ደግሞ ደክሟል። እኔ አያለሁ። አንድ ማታ ተረከዙ ላይ የለስላሳ ቆርኪ ተሰክቶ አገኘሁ፣ ጥርሱ በሙሉ ገብቷል፣ ጫማው ውስጥ ያለው ደም ደርቆ ጠቁሯል። ቀኑን ሙሉ ረግጦት ውሏል። ሳወጣው እኔ ነኝ ያቃሰትኩት። (ይሄን ወደ ምሳሌ መቀየር ቀላል ነው፣ "ያኔ የኔም ልብ እንደደነዘዘ ገባኝ" ብዬ ልጨርስላችሁ እችል ነበር። ግን የሰውዬው እግር ነው እኮ፣ ምሳሌ አይደለም፣ ቁስሉ ለመዳን ወር ፈጅቷል።)

አራተኛው ሳምንት ላይ ልጁን ወሰዱት። እንደኛው ኪኒኑን ይውጣል፣ እንደኛው ቀይ ይሸናል፣ ግን ሁለት ወር ሞልቶት እየከሳ ነው። አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መመርመሪያ ሲታይ የሱ ባክቴሪያ ሪፋምፒሲንን የለመደ ሆነ፣ ኤምዲአር የሚሉት። ገና ሲመጣ መታየት ነበረበት፣ አልታየም። በመኪና ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት ፍራሹን እንኳን እንዲይዝ አልፈቀዱለትም። ማታ ፖሊሱ በመስኮት "ሰባት?" አለ። ማንም ቶሎ አልመለሰም። ሽማግሌው ነው "ስድስት" ያለው።

አሁን ሂሳቡን ተከተሉኝ፣ ሂሳብ ላይ ደካማ አይደለሁም፣ ችግሬ ሌላ ነበር። ልጁ ዕጣው ስድስተኛ ነው፣ አራት ሳሙና ከፍሏል፣ ምንም አልበላም። አራቱ ሳሙናዎች ደግሞ መጀመሪያ ዕጣ የደረሳቸው አራት ሰዎች ሆድ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አራቱ አንድ አንድ ይመልሱ አልኩ። ነጋዴው "ሄዷል እኮ፣ ይተርፋል ብለህ ነው?" አለ። ሽማግሌው ምንም ሳይናገር የሱን አመጣ። ሁለቱ ተከተሉ። ነጋዴው እስከመጨረሻው አልከፈለም። የሱን አንድ ከራሴ ጨመርኩና አራት አድርጌ በፌስታል ቋጠርኳት። ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፣ መዝገቤ ላይ ጉድለት እንዳይኖር ነው። የሆነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የኔን መዝገብ ከፍቶ ቢያይ ልክ ሆኖ እንዲያገኘው ፈልጌ ነበር። ማንም ከፍቶ አላየውም።

ከወጣሁ በኋላ ስልኬ ላይ ሳነብ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ፣ ካርቪል የሚባል የስጋ ደዌ ሆስፒታል እንደነበረ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1894 ሰባት ህሙማን በጀልባ አምጥተው ነው የጀመሩት። ሰባት የምትለዋ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ብዙዎቹ ቤተሰባቸው እንዳያፍር ስማቸውን ይቀይሩ ነበር፣ እስከ 1946 ድረስም መምረጥ አይችሉም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ መንግስት ግቢውን ከፍሎ እስር ቤት አደረገው፣ እስረኛውና ታማሚው ባንድ ግቢ። እዛም የሆነ እስረኛ መጀመሪያ ሰሞን ሰሃኑን ይዞ ጥግ ሄዶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ገንደቆሬና ቀፊራ

አንድ ዓመት ከአራት ወር ላይ በአመክሮ ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ፌስታሌን ይዤ ገንደቆሬ የልጁን እናት ፈልጌ ሄድኩ። ልጁ በህይወት አለ፣ መድኃኒቱን ቀይረውለታል፣ አሁንም ሆስፒታል ነው አለችኝ፣ በር ላይ ቆማ። ግባ አላለችኝም። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። "የልጅሽ እቁብ ነው" ብዬ ሳሙናውን ዘረጋሁላት። በነጠላዋ ጫፍ ተቀበለችኝ፣ ጨርቁን መሃል አድርጋ፣ ጣቷ ፌስታሉን እንዳይነካው። አልከፋኝም። እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ፣ ሶስት ሳምንት ሰርቼበታለሁ።

ሽማግሌው ገና እዛው ነው፣ ቲቢውን ጨርሷል። በወር አንዴ ጠያቂ ሆኜ ቫዝሊን አደርስለታለሁ፣ "እግርህን ማን ያይልሃል?" እለዋለሁ፣ "አዲስ ሌባ አግኝቻለሁ" ይለኛል። የቅዳሜውን በርጫ እነግረው እንደሆነ አላውቅም። እዛ ቁጭ ብዬ "ጨርሰው እንጂ" ማለት ነበረብኝ እያልኩ ነው ሳምንቱን የፈጀሁት። ግን በርጫው ላይ የተረተው ሰውዬ ተረቱን ጨርሶታል እኮ፣ ምን ልበለው። ደሞ የሚያወራው ስለ ተበዳሪ ነው፣ እኔም ተበዳሪ ነኝ፣ የትኛው እንደተሰማኝ ራሴም አልለየሁትም።

ዕጣቸው የተበላው ሶስት ሰዎች ናቸው። የሁለቱን እህቴና ወንድሞቼ ከፈሉ። ሶስተኛዋ ቀፊራ ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት ናት፣ 20 ሺህ፣ ለልጇ ሰርግ ያሰበችው ነበር። በወር አንድ አንድ ሺህ እሰጣታለሁ፣ ባለፈው ሰኞ ሰባተኛዬ ነው። ዘይቱ እየተንጫጫ ብሩን ተቀበለችኝና ፊቴ ላይ ቆጠረችው። ደግማ ቆጠረችው። ሽርጧ ላይ ቋጠረችና "አስራ ሶስት ቀረህ" አለች።

ሁለት ሳምቡሳ ስጪኝ አልኳት። ሂሳቡን ቀድማ ተቀበለችኝ።